«እሳቸው ናቸው»
ቦንጋ ስሠራ፣ መሥሪያ ቤታችን በግምገማ ሲታመስ በሰነበተበት ሰሞን፣ ማንንም አላምንም ነበር። የቤት አከራዬ እትዬ አንብበው ያዋሱኝ ልብ ወለድ ደግሞ አባሰብኝ። አንዲት ሴት ፖሊስ የአንድ ነጋዴን ግድያ ትመረምራለች። ገና ሁለተኛውን ምዕራፍ ሳልጨርስ እትዬ በበሩ ብቅ ብለው፣ «እሳቸው ናቸው የገደሉት» ብለውኝ ሄዱ።

ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ውስጥ አንቱ የሚባለውን ሁሉ፣ ሐኪሙንም ቄሱንም የሟቹን አማትም፣ ስጠረጥር ከረምኩ። መርማሪዋ መጨረሻ ላይ የያዘችው ግን ልጅ እግሯን የቤት ሠራተኛ ነው።

መጽሐፉን ስመልስ፣ «እትዬ፣ ለዚች ነው እሳቸው ያሉኝ?» አልኳቸው።

ዙሪያቸውን ገልመጥ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ገድላለች እኮ፤ ማን ደፍሮ አንቺ ይላታል?» አሉኝ።