በሬንጅ የታሸገው ጩኸት

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝና ለጎረቤቴ ለሰይድ ባጃጅ የሌባ ማስጠንቀቂያ ሠራሁለት። ሚስቱና ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች ባጃጅ ነው። እርጥበት እንዳይገባው ሬንጅ አፍልቼ አፈሰስኩበት፤ መንገዱ እንዳያነቃንቀው በጎማ ቁራጭ ጠቀለልኩት። ጎርፍ ቀይ ባሕር ቢያደርሰው ከዓሣ ጋር ይጮህ ነበር።

አንድ ክረምት ከቆቦ ወደ ዋጃ ለለቅሶ ስሄድ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ከሌሎች መንገደኞች ጋር ቆመናል። እስከ ጣሪያዋ ጭቃ የለበሰች፣ ሸራዋን የዘጋች ባጃጅ እንደ አምቡላንስ እየጮኸች መጣች።

«ምጥ የያዛት ሴት ጭኛለሁ፣ ግፉኝ!» አለ ነጂው።

ጩኸቱ የማውቀው መሰለኝ፤ ግን በምጥ ላይ ማን ይመራመራል? ሙስሊሙ ዱዓ፣ ክርስቲያኑ «ማርያም ማርያም» እያለ ገፋናት። ውሃ ውስጥ ሞተሩ ጠፋ፤ ጩኸቱ አልጠፋም።

ስመለስ ሰይድን መናኸሪያው ደጃፍ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ባጃጄን ሰረቁኝ። ያንተ ነገር ውሃ ገብቶት ነው መሰል። ጮኾ ቢሆን ይሄ ሁሉ ሕዝብ ያስጥለኝ አልነበር?»

«ኧረ ጠብታ አልገባውም» አልኩት። «ጎርፍ ውስጥ ሆኖ እንኳ ሲጮህ ነበር። ገፍቼ ያሻገርኩት እኔ ነኝ።»