የአባባ ፈረደ ሸለቆ የት ነው?

በአሽዶድ ከተማ የሮቫ ዛይን ሰፈር ጎረቤታችን አባባ ፈረደ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን፣ ሳትሰሙ ለቀራችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ በሐዘን እነግራችኋለሁ። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። ሳል ለያዘው፣ ሆዱን ለቆረጠው ሁሉ ከዱር ያመጡትን ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው በነጻ የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። ቅጠሉ ጦስኝ ይመስላል፤ የሚበቅለውም ከአሽዶድ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሸለቆ ነው። የትኛው ሸለቆ እንደሆነ ግን አልጽፍም። ግማሾቻችሁ ይህን የምታነቡት ለዚያ እንደሆነ አውቃለሁ!

አባባ ፈረደ ሰው አያምኑም ነበር። በአውቶቡስ ሲሄዱ ከሸለቆው አንድ ፌርማታ አልፈው ይወርዱና በእግራቸው ይመለሳሉ። ሲመጡ ደግሞ ከቅጠሉ ላይ ሰላጣ ይደርቡበታል። «አባባ፣ ምን ይዘው ነው?» ያላቸውን ሁሉ «ሰላጣ ነዋ! ዓይን የለህም?» ይሉታል።

እኔን የወሰዱኝም ወደው አይደለም፤ ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ቢላቸው ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ ሁለት ሦስት ጫፍ ብቻ በጥፍር መቀንጠብ፣ ያበበውን ፍሬው እስኪረግፍ አለመንካት፣ ሥሩንማ ጨርሶ አለመንቀል፤ ይህን ሲያስተምሩኝ እጄን እንደ ሌባ እጅ ይጠብቁት ነበር።

«ምን እንዳላደርግ ነው የሚፈሩት?» ብላቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። ጎንደር ውስጥ በተወለዱበት ሸለቆ፣ ሥሩ ለትኩሳትና ለሳል የሚታጠን ቀበርቾ ይበቅል ነበር። አባታቸው ቦታውን ለአንድ እንግዳ አሳዩት።

«በማግስቱ ዘመዶቹን ሰብስቦ፣ ዶማ ይዞ መጣ። ሥሩ ከተነቀለ ምን ይቀራል? እኔ ሳድግ ዳገቱ ራሰ በራ ነበር» አሉኝ።

በሌላ ቀን ወደ ሸለቆው ስንመለስ፣ ለካ ባለፈው በቀጭኗ መንገድ ላይ ሳይነግሩኝ ጭራሮ አጋድመው ኖሯል። አለመነካቱን ጎንበስ ብለው አዩ።

«አልተናገርሽም ማለት ነው።»

«አልተናገርኩም ብዬዎት የለም?»

«ወይም የነገርሻቸው ሰነፎች ናቸው።»

እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ለሺቫ፣ ለሰባቱ የለቅሶ ቀናት፣ ቤታቸው ተሰብስበን ሳለ፣ ጎረቤታችን እትዬ ብርቱካን ወደ ኩሽና ጎተት አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ቦታውን ለኔ ብቻ ንገሪኝ። የልጅ ልጄን ሳል አላስተኛው ብሏል፤ ታውቂ የለም?»

አውቃለሁ፤ ሳሉ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ግን እጃቸው ላይ ትልቅ የገበያ ከረጢት አየሁ። ምናልባት ዳቦ ያመጡበት ነው። ምናልባትም አይደለም።

«እኔ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

«ለጊዜው አላምንዎትም፣ እትዬ።»

«እሳቸው ናቸው ያበላሹሽ!» ብለው ጥለውኝ ወጡ።

ለቅሶው ሲያልቅ ብቻዬን ሄጄ አንድ እፍኝ አመጣሁላቸው። ቅጠሉን ተቀበሉ፤ እኔን ግን እስካሁን እንዳኮረፉኝ ናቸው።

አባባ፣ ቦታው ደህና ነው። ግን እኔም አንድ ቀን ለአንድ ሰው መናገሬ አይቀርም፤ አለዚያ ቅጠሉ ይተርፍና የሚያውቀው ሰው ይጠፋል። ማን እንደሚሆን ገና አላወቅሁም፤ እስከዚያው የሚጠይቀኝን ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው። አንቱ ይረፉ፤ ጥበቃው የኔ ነው።