በሾፌሩ ልክ

የትምህርት ቤቱ ሾፌር የተማሪዋን ስም አያውቅም፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ለጉብኝት በወጡ ቁጥር ከጀርባው ትቀመጣለች፤ ከላይ የደንብ ልብስ፣ ከታች የሩጫ ቁምጣ፣ ጭኗ ላይ ያላለቀ ግራጫ ሹራብ። ሙዚየም ሲገቡ እየሠራች ትገባለች፣ እየሠራች ትወጣለች።

ሲመለሱ፣ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀር ትወርዳለች፤ አሠልጣኟ ያዘዛት ሩጫ አለባት። የክሩን ጥቅል ወንበሯ ላይ ትተወውና፣ በመስኮት እየተተረተረላት፣ ከአውቶቡሱ ጎን እየሮጠች ሹራቧን ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ክሩ እንዳይበጠስ ቀስ ይበሉ» ትለዋለች።

አርባ ተማሪ የጫነ አውቶቡስ በአንዲት ልጅ እግር ይሄዳል። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ያስጮኻል፤ ሾፌሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይነዳል።

እንዲህ የሚታገሳት በምክንያት ነው። አንድ ቀን ቀይ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ፣ ከኋላው ተነሥታ ትከሻውን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችው።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?»

«የአባቴን ልክ አላውቅም። በእርስዎ እየገመትኩ ነው፤ ሳይመጣ ልጨርስለት ብዬ።»

ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቃት ትከሻውን አቀናላት። መብራቱም አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ምግብ ልትጨምርለት ስትል ሳህኑን በእጁ ይጋርዳል።

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ልጅቷ እጅጌው ቀርቷታል» ይላል፤ «አሁን ከወፈርኩ ለሰውየው ይሰፋዋል።»