ሦስት ጊዜ የፈታሁት ስፌት

የእህቴን የሰርግ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፍቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ለማስፋት ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ሴት ስታረግዝ ከባሏ በፊት እኔ አውቃለሁ፤ ሜትሬ ይነግረኛል። የገዛ እህቴ ገላ ግን ሲጮኽ አልሰማሁም። ሰምቼ ዝም አልኩ ብል ይሻላል።

እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከሲታ ነበረች፤ ብትበላም ባትበላም ያው ናት። "አንቺን ለመለካት ሜትር አያስፈልግም፣ ክር ይበቃል" እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷም ትስቃለች። አሁን ሳስበው ሁልጊዜ አልሳቀችም።

አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት አንዲት ሴት ድሪያ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። እህቴ ጥግ ላይ ልብስ ትተኩስ ነበር። ሴትዮዋ የራሷን ልክ ረስታ እሷን ስታይ ቆየች። በሳምንቱ ሽማግሌ ልካ ለልጇ ጠየቀቻት። ሰርጉ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ስጋት ገባኝ። እንዲህ ከስታ የሙሽራ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ሰው ምን ይላል? "እህቷ አስርባ አሳደገቻት" አይሉም? የፈራሁት ለእሷ አልነበረም፤ ለስሜ ነበር። ጨርቅ ልገዛ ባቲ የሰኞ ገበያ ስወርድ፣ ቅባትና ሽቶ ከምትሸጥ ሴት ማወፈሪያ ኪኒን ገዛሁ። ስም የለው፣ ወረቀት የለው፣ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ፍሬ ነው። "በወሩ አታውቂያትም" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

በወሩ ፊቷ ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ "ማሻአላህ፣ ሙሽሪት አማረባት!" ይል ጀመር። እኔም ኮራሁ። ኪኒኑ ባለቀ ቁጥር ባቲ እየወረድኩ አመጣሁላት፤ ቀሚሱንም እየፈታሁ አሰፋሁት። ሜትሩ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ወገቧ ሲሰፋ ክንዷና ጭኗ ይቀጥናሉ። ሰው በልቶ ሲወፍር እንዲያ አይሆንም፤ ይህን እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው? ሆዷ ላይ ሐምራዊ ሸንተረር ወጣ። ትንሽ ስትጋጭ ትበልዛለች። ከተቀመጠችበት ለመነሳት ጉልበቷን ትደገፋለች።

ሦስተኛውን ልክ ስወስድ "እታለም፣ ሐኪም ቢያየኝስ?" አለችኝ።

"ወፈርኩ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ማን አለ? አብሽሪ፣ ከሰርጉ በኋላ ይደረሳል" አልኳት። አፌ ውስጥ መርፌ ይዤ ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም።

ሰርጉ አማረ። ልትሄድ ስትል የተረፈውን ኪኒን ከቦርሳዋ አውጥቼ ሽንት ቤት ጨመርኩት። "አማትሽ ካገኘችው ገበናችን ወጣ" አልኳት። ስምንት ወር ሙሉ የዋጠችውን በአንድ ቀን አስቆምኳት። ሥራው አለቀ ብዬ ነው፤ ሙሽራዋ ታይታለች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አማቷ ደወለችልኝ። ሙሽሪት ድካም በዝቶባታል፣ ምግብ ዘግቷታል፣ ስትነሳ ያዞራታል አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት፤ ያረገዘች መስሏታል። እኔም እንደዚያው አሰብኩ፣ ወይም እንደዚያ ማሰብ ፈለግኩ። ሐኪም ታሳያት አላልኩም። ጥቂት ቆይቶ ቤቱን ሁሉ ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ሌሎቹ ተነሡ፤ እሷ አልተነሣችም። አንድ ጠዋት ከሚሴ ሆስፒታል ሲያመጧት ከሱቄ ሮጬ ደረስኩ።

ጉሉኮስ ተተክሎላታል። ሐኪሙ ወጣት ነው። የደም ግፊቷን ለካ፣ አላመነም መሰል ደግሞ ለካ። ክብ ፊቷን፣ ቀጫጭን ክንዶቿን፣ የሆዷን ሸንተረር አየና ወደ እኛ ዞረ።

"በቅርቡ ያቆመችው መድኃኒት አለ? የአስም፣ የቁርጥማት፣ ማወፈሪያም ቢሆን?"

አማቷ ትከሻዬን ነክታ ቆማለች። እህቴ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። ተናገሪ ማለቷ ነው ወይስ ደብቂኝ? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

"የለም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ? ሕክምናው የሚወሰነው በእሱ ነው።"

"ወላሂ ምንም አትወስድም" አልኩ። የአላህን ስም ጠርቼ ማልኩ፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እሱም አምኖኝ ሌላ በሽታ ፍለጋ ሄደ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅኩት የራሴን እንኳ አልነበረም።

ዙህር ሲደርስ አማቷ ልትሰግድ ወጣች። ያኔ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ደርሼበት እጁን ይዤ ሁሉንም ነገርኩት። ስድቡን ጠብቄ ነበር፤ አልሰደበኝም። መርፌ አምጡ እያለ ሮጠ። መርፌውን ወጓት፤ የአስር ሶላት ሳይደርስ ሞተች።

ኋላ አስቀምጦ አስረዳኝ። ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን ላይ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰው ሲታመም፣ ግፊቱ ሲወርድ፣ ሰውነቱን ደግፈው የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ኪኒኑ ለወራት ሥራቸውን ሲሠራላቸው እነሱ ተኙ። እንዲነቁ መድኃኒቱን በሐኪም እጅ ጥቂት በጥቂት መቀነስ ነበረብን። ድካሙና ማዞሩ ሲጀምራት ብትመጣና የዋጠችውን ብትናገሩ ትድን ይሆን ነበር አለኝ። ጠዋት ብነግረውስ ብዬ አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።

ዛሬ ልክ ስወስድ ፊቷ ሞልቶ ክንዷ የከሳ ሴት ካየሁ ሜትሩን አስቀምጬ እጠይቃለሁ። የምትውጪው ካለ በራስሽ አታቁሚው፣ ይዘሽው ሐኪም ጋ ሂጂ እላለሁ። አንዷ "ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ ዶክተር?" ብላ ጨርቋን ነጥቃኝ ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች። የምትቀየመኝ ትቀየመኝ።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን አማቷ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በቃሽ፤ የአላህ ውሳኔ ነው" አለችኝ። ያንን መሸከም አልቻልኩም። ከባቲ ገበያ እስከ መሐላዬ ድረስ ነገርኳት።

"እኔ እኮ ሱቅሽ ገብቼ ያየኋት ከሲታ ሳለች ነው" አለችኝ። "ቤቴ ገብቼ ለልጄ፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ልጅ አየሁልህ፣ እሷን ካልሆነ ሌላ አልጠይቅልህም አልኩት። ለማን ብለሽ ነው ያወፈርሻት?"

እጄን ለቀቀችና ተነሥታ ወደ ሴቶቹ ሄደች።