ፊታቸው ያለበት ቪዲዮ

«ይሄን ማን ያየዋል?» ብለው የጠየቁኝ እትዬ ጫልቱ ናቸው። ያኔ አልመለስኩላቸውም። ዛሬ ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ለሥራ ሄጄ፣ የሚቀጥረኝ ሰውዬ ስለ እሳቸው የሠራሁትን የመመረቂያ ዶክመንተሪ አይቶ «አሪፍ ነው፤ ግን የሴትዮዋ ፊት የለም። ፊት ያለበትን ስጪኝና ሰኞ ሥራ ጀምሪ» ሲለኝ ጥያቄያቸው መጣብኝ።

የቀረጽነው ነሐሴ ነበር። እትዬ ጫልቱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከእንጦጦ ጭራሮ ለቅመው እየሸጡ ነው። እሳቸው የሚለቅሙበት ጫካ ከታጠረ በኋላ ግን ተደብቀው ነው የሚገቡት። አንዴ ተይዘው፣ ከተደገመ እንደሚታሰሩ ተነግሯቸዋል።

ፕሮፌሰራችን ደግሞ ንቅንቅ የማይል ሕግ ነበራቸው፤ ባለታሪኩ ራሱ ይቅረጽ። እኛ ስልክ እንሰጣለን፣ እናግዛለን። ኤዲት ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያየው ባለታሪኩ ነው፤ ከፊልሙ ይውጣ ያለው ይወጣል። እኔ በሆዴ «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ተማርኩ?» እል ነበር። ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

በቀረጻው ቀን ጠዋት እትዬ ጫልቱ ስልኩን ወደ ፊታቸው አዙረው ስማቸውንም፣ በአጥሩ የሚሾልኩበትንም ቦታ ተናገሩ። ስንመለስ «ካልተሸከምሽው አይገባሽም» ብለው የጭራሮውን ሸክም ጀርባዬ ላይ አሰሩብኝና ከኋላዬ እየቀረጹ ወረዱ። ጭቃው ሳሙና ነው። ወደቅኩ፣ ተነሳሁ፣ ደግሞ ወደቅኩ። የሰጡኝን ቆሎ እያላመጥኩ ሳለ አንድ ጥበቃ ዱላውን ይዞ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ።

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። ምን እንደምንቀርጽ ጠየቀና ስልኩን አሳዩኝ አለ። ስክሪኑን አንዴ በጣቱ ቢገፋው የጠዋቱ ቪዲዮ ይመጣል። እውነቱን ልናገር፣ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር።

እትዬ ጫልቱ ስልኩን ሳይለቁ አሳዩት። «የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። ሸክም ምን እንደሆነ ልየው ብላ ነው፤ ተመልከታት።»

ጥበቃው ቪዲዮው ላይ ጭቃ ውስጥ ስዘረጋ አየኝና ሳቀ። «እንዲህም ያለ ትምህርት አለ እንዴ?» አለኝ። አብሬው ልስቅ ብል ጥርሴ ተንገጫገጨ። ከዚያ አውራ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ። «ሌላስ?»

«ሌላውም እሷው ናት፤ ስትወድቅ» አሉና ስልኩን ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

እንጨቱን አስጥሎ ለቀቀን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ስለ እንጨቱ ምንም አላሉም። «ይሄን ማን ያየዋል?» ብቻ ነው ያሉኝ።

በኋላ ግቢያቸው ውስጥ አንሶላ ሰቅለን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ፊልሙን አየነው። «ድምፄ ይቆይ፤ ፊቴ ከውስጡ ይውጣ» አሉ። አወጣሁት። ፊታቸው ያለበትን የጠዋቱን ቪዲዮ ግን «ለልጆቼ አስቀምጪልኝ» ስላሉኝ ስልኬ ውስጥ አለ። የፕሮፌሰራችን ሕግ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ሰው ፊቱን አምኖ ሲሰጥሽ፣ ፍርሃቱንም አብሮ ነው የሚሰጥሽ።

የጉርድ ሾላው ሰውዬ አሁንም ይጠብቃል። «ማን ያውቃቸዋል ብለሽ ነው?» ይለኛል፤ እጁ ወደ ስልኬ ተዘርግቷል። ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ በጣም። ያን የጥበቃውን አውራ ጣት አስታወስኩና ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ማንም» አልኩ፤ የመለስኩት ግን ለእትዬ ጫልቱ ነበር። «ማንም አያየውም።»