ዳገት ላይ የሚሰማ ድምፅ

ልጃችን ከደንገጎ ዳገት ማዶ ባለ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና ስትመደብ አባቷ ወዲያው «መኪናዋን ውሰጂ» አላት። መኪናዋ ድሮ ታክሲ የነበረች፣ በዕድሜ ልጃችንን በብዙ የምትበልጥ የፈረንሳይ ሥሪት ናት። ባለቤቴ ከባቡር ጋራዥ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው እሷ ሥር ነው። እኔ ግን ያንን ዳገት አውቀዋለሁ። መታጠፊያው ብዙ ነው፤ ከኋላ የጭነት መኪና ይመጣል፤ ከጎን ገደል ነው። ልጄ ሰኞ ሰኞ ማለዳ ብቻዋን ስትወጣ መኪናዋ እዚያ ስትቆምባት እየታየኝ እህል አልወርድ አለኝ።

ስጋቴ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። መኪናዋ ድሬ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ፣ ምንም አይላትም። ዳገት ስትጀምር ግን ጉልበት ታጣለች፤ የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ጋ ይደርሳል። ባለቤቴ ሞተሩ እንደሞቀ አጥፍቶ እንደገና ሊያስነሳት ሲሞክር ደግሞ እንደ በቅሎ ወደ ኋላ ትራገጣለች።

ባለቤቴ ያልሞከረው የለም። ካንዴላዎቹን ቀየረ። ካርቡራቶሩን ፈታትቶ አጠበ። ራዲያተሩን አውጥቶ ግቢ ውስጥ በውሃ ጎማ ሲያጥበው ዝገቱን ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ረጨብኝ። የቀድሞ ታክሲ ነጂ የሆነው ጎረቤታችን ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ያያል።

«ወሪያ፣ ቤንዚኑ ነው እንጂ እሷ ምን አጠፋች?» ይላል። «አቦ፣ ምን ቀላቅለው እንደሚሸጡልን ማን ያውቃል!»

«ታይሚንጉስ አባዬ?» አለች ልጄ አንድ ቀን። ታይሚንግ የሚሉት ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ነው፤ ከቀደመም ከዘገየም ሞተሩ ይታመማል። «የሚለካበት መብራት አለ አሉ።»

«መብራት ጆሮ ለሌለው ነው» አለ አባቷ እየሳቀ።

«ወላሂ እውነቱን ነው!» አለ ጎረቤታችን። «ድሬ ውስጥ የዚህን ሰውዬ ጆሮ የሚያህል የለም።»

እንዲህ የሚለው ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ድሮ ነጂዎቹ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ወደሱ ይመጡ ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለውን ዲስትሪቢዩተር የሚሉትን ክብ ዕቃ ቡሎኑን ያላላል። ከዚያ በእጁ በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ያዳምጣል። ድምፁ ሲጥመው ያጠብቀውና ዳገት ላይ ይፈትነዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት የራሳችንንም መኪና እንዲሁ አስተካክሎ ሊፈትን ሲነሳ አብሬው ልሂድ አልኩ።

«ምን ልትሠሪ?»

«ከቆመች ልገፋ።»

«በዚህ ጉልበትሽ?»

«እቤት ተቀምጬ ከማስብ ይሻለኛል።»

ከተማውን ትተን መንገዱ መውጣት ሲጀምር ነዳጁን ረገጠ። ያን ጊዜ ሰማሁት። ቆርቆሮ ውስጥ ሽምብራ ሲናጥ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ነው። እግሩን ሲያነሳ ይጠፋል፤ ሲረግጥ ይመጣል።

«ምንድነው የሚንቀጫቀጨው?» አልኩት።

መንገዱን እያየ ዝም አለ። ክንዱን ስነካው ዞረ።

«ምን አልሽ?»

«ይሄ ድምፅ።»

«የቱ ድምፅ? አንቺ ደግሞ! አሁን እኮ ነው ሞተሩ ያማረበት።»

ክው አልኩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ስለ መኪና የማውቀው ከሱ አፍ የሰማሁትን ነው። ነጂዎቹን «ዳገት ላይ ከተንቀጫቀጨ እሳቱ ቀድሟል» ሲላቸው ግን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ያ ድምፅ ይኸው አጠገባችን ነው፤ እሱ አይሰማውም። ስልክ ጎኑ ሲጮህ ዝም የሚለው፣ የሰፈር ሕፃናት «አባባ» ሲሉት ሳይመልስ የሚያልፈው፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ስናገር ፊቴን ትኩር ብሎ ማየት ጀምሮ ነበር። በስተርጅና ፍቅሩ የጨመረ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካስ ከንፈሬን እያየ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ አጠገቡ የዋለ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ቀጭኑን ጥሎታል። ሞተሩ ሲያጓራ ስለሚሰማው፣ ያማረ እየመሰለው እሳቱን ከጊዜው አስቀድሞታል።

«ዳር ያዝና አቁም» አልኩት። ሲያቆም ፊት ለፊቱ ዞርኩ፤ አልጮህኩም።

«ይንቀጫቀጫል።»

«አይንቀጫቀጭም።»

«ስትረግጥ ይመጣል፤ ስትለቅ ይጠፋል።»

አንድ የጭነት መኪና አቧራውን አልብሶን አለፈ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በልጄ ነገር እኔ ቀልድ አውቃለሁ?»

ቀስ ብሎ፣ «ወፎቹም እኮ ዝም ብለዋል» አለ። «ድሬን ለቀው የሄዱ መስሎኝ ነበር።»

«የትም አልሄዱም።»

«አሉ?»

«አሉ። ማለዳ ማለዳ በጫጫታቸው የሚያደርጉኝን እኔ አውቃለሁ።»

ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። እጁን ያዝኩት።

ከዚያ እሱ ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ ቡሎኑን አላላና ክቡን ዕቃ ለዓይን በማይታይ መጠን ብቻ አዙሮ አጠበቀው። ተመልሶ ሲገባ፣ «እጅሽን ትከሻዬ ላይ አድርጊ» አለኝ። «ሲመጣ ጫን በይኝ፤ ሲጠፋ ልቀቂኝ።»

ወደ ታች ተመልሰን ያንኑ ዳገት ጀመርን። ጫን አልኩት። አቆመ፣ ወረደ፣ አዞረ። እንደገና ስንወጣ ድምፁ ሳሳ። በሚቀጥለው ጨርሶ ጠፋ፤ መኪናዋ ግን እንደ ጭነት አህያ ከበደች።

«አሁን ደግሞ ዘገየ» አለ። ያንን በእግሩ አወቀው። ጥቂት መለሰውና ወጣን። እጄን ትከሻው ላይ ጣል እንዳደረግኩ፣ ሳልጫነው መታጠፊያውን አለፍን። የሙቀቱ ቀስት መሃሉን አላለፈም። አጥፍቶ ሲያስነሳት ሳትራገጥ ተነሳች።

እቤት ስንደርስ ጆሮውን ላላነሳ ወስኜ ነበር። እሱ ግን ጎረቤታችን እንደቆመ ልጃችንን ጠርቶ፣ «ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ አይሰማም» አላት። «የመኪናዋን በሽታ ያገኘችው እናትሽ ናት።»

«አቦ! እኔ ደግሞ በከንቱ ቤንዚን ስረግም ከረምኩ» አለ ጎረቤታችን። ልጄ ዘይት የነካውን የአባቷን እጅ ሳመች።

በማግስቱ እሷ ራሷ ነዳች። አባቷ ጎኗ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ዳገቱ ሲጀምር ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ።

«አለ?»

«የለም።»

በየመታጠፊያው እየዞረ ጠየቀኝ። በየመታጠፊያው መለስኩለት።

«ምንድነው የምትሾካሾኩት?» አለች ልጄ በመስታወት እያየችን።

«አንቺ ፊት ለፊትሽን እያየሽ ንጂ! ያ የጭነት መኪና አይታይሽም?»

«ይታየኛል እማዬ።»

አልተጣደፈችም። መንገዱ ቀጥ እስኪል ከኋላው ቆየችና ጥሩምባ ሰጥታ ነዳጁን ረገጠች። አዳመጥኩ። የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነው። ላይ ስንደርስ ነፋሱ ቀዘቀዘ። አባቷ እንደገና ዞሮ ፊቴን አየኝ፤ አሁን ግን አልጠየቀኝም።

«ነገ ብቻዋን ትውጣ» አልኩት።