ትቅርልኝ ብዬ የለመንኩ ቀን

ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደወለችልኝና "እማ፣ ዲፓርትመንት ደረሰኝ" አለችኝ። ጭሮ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። "ጤና ነው?" አልኳት። በልቤ የምመኘው ነርስነት ነበር።

"ፍልስፍና ነው። አንደኛ ምርጫዬን ነው ያገኘሁት!" አለች። ደስታዋ ከድምፅዋ ይሰማል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ቃሉን በሬዲዮ ሰምቼው እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አላውቅም። "አልሐምዱሊላህ" ብዬ ዘጋሁት።

አጠገቤ ጫት የምትሸጠው ጎረቤቴ ጆሮዋን ጥላ ነበር።

"ምን ደረሳት?"

"ፍልስፍና።"

"ወላሂ? ታዲያ ተመርቃ ምን ልትሆን?"

"እኔ ምኑን አውቄው።"

"ፈላስፋ ነዋ! እዚሁ አጠገባችን ጥላ ተክላ ትቀመጣለች፣ ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቃታል። እኛም ገዢ እናገኛለን።" ስቃ ስታበቃ ግን ጠጋ አለችኝ። "ብቻ ሶላቷን እንዳያስተዋት። ፈጣሪ አለ ወይ ብለው ነው አሉ ትምህርቱን የሚጀምሩት።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ለአባቷ ነገርኩት። እሱ ሚኤሶን አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። "አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ። የማውቅ ቢሆን ኖሮ ለሱ ምን አስደወለኝ?

ለእረፍት ስትመጣ እጠብቃት ነበር፤ እንደ ሌባ ነው የምጠብቃት። የዐስርን ሶላት ስትሰግድ በመጋረጃው ቀዳዳ አያታለሁ። ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን መሬት አስነክታ ስትቆይ፣ እየለመነች ነው ወይስ እያሰበች ነው እላለሁ። ይህን ደግሞ ማን ይነግረኛል? አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች፣ "እማ፣ ስወለድ ያቀፍሻት ልጅና ዛሬ የምታዪኝ እኔ አንድ ነን?" አለችኝ። ቢላዋውን ተቀብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የለውም። እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

አራተኛው ዓመት ላይ መመረቂያ ጽሑፍ ጻፊ ተባለች። ለእረፍት መጥታ ስለ ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ሰው ቃል ከገባ ለምን መጠበቅ እንዳለበት ነው አለችኝ።

"ይሄ ዓመት ሙሉ ይጻፍበታል? ቃል ከገባሽ ትጠብቂያለሽ፣ አለቀ!"

"አለቀ ካልሽው ላይ ነው እኮ እማ እኔ የምጀምረው።"

በዚያው ንግግር መሐል ነው የነገረችኝ። አስተማሪዎቿ በማዕረግ ትመረቂያለሽ፣ የመውጫ ፈተናውን ካለፍሽ ሁለተኛ ዲግሪውን እዚያው ዩኒቨርሲቲው ቀጥዪ ብለዋታል። እኔ እኮ ተመርቃ ትመለሳለች፣ እዚሁ ጭሮ አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ማታ ማታ ቤቴ ትገባለች ብዬ ነበር የምጠብቀው። ሌላ ዓመት፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ የማላውቀው ሐሳብ። መንገዱ ራሱ ዛሬ ክፍት ነው ሲሉት ነገ ዝግ ነው። ተመልሳ ብትመጣስ የኔ ሆና ትመጣለች ወይ? ይህን ሁሉ ለሷ መናገር አልቻልኩም። ብናገር በጥያቄ ትመልስልኛለች፣ ጥያቄዋን ደግሞ አልችለውም።

እኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ዱአ ያስደርጋል። ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ሼኹ ቤት ሰው ይሰበሰባል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። ባለጉዳዩ ጫቱን ሼኹ ፊት ያስቀምጥና የሚፈልገውን በገዛ አፉ ይናገራል። ሼኹ ይለምናሉ፣ የተቀመጠው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። አሚን ያላለ ሰው ካለ ዱአው ጎደለ ነው የሚባለው።

ጎረቤቴ ጥሩ የሂርና ጫት መርጣ አሰረችልኝ። ልጄን "ነይ፣ ዱአ ላስደርግልሽ" አልኳት። ለፈተናዋ መስሏት ነጠላዋን ተከናንባ ደስ ብሏት ተከተለችኝ።

ሼኹ ጫቱን ተቀብለው "ምን ብለን እንለምን፣ ልጄ?" አሉኝ።

ልጄ አጠገቤ ናት፣ ጉልበቷ ጉልበቴን ይነካል። ቤት ሆኜ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "ይቺን ልጅ" አልኩ፣ "ከዚህ በላይ እንዳትርቅብኝ። እዚሁ ትቅርልኝ።"

ሴቶቹ ወደሷ ዞሩ። ሼኹ እሷን አዩዋትና እጃቸውን ዘረጉ። እንደተናገርኩት አድርገው ለመኑ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ልጄም እጇን ዘርግታ አሚን አለች። በለሆሳስ እንኳ አይደለም፣ ጥርት አድርጋ ነው ያለችው።

ስንመለስ አስፋልቱን እንደተሻገርን "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር፣ እማ?" አለችኝ።

"ብነግርሽ ትመጪ ነበር?"

"እመጣ ነበር።"

ቁጣ ነው የጠበቅኩት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ትምህርቷ ሄደች።

መኪናው ከዓይኔ እንደተሰወረ ነው የሠራሁት የገባኝ። ትቅርልኝ አልኩ እንጂ በምን ትቅር የሚለውን አልተናገርኩም። ሰው በስንት ነገር ይቀራል! መኪና ተገልብጦ ይቀራል፣ ታሞ ይቀራል፣ ፈተና ወድቆ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። ይህን ሁሉ በር ከፍቼ ትቼዋለሁ። ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። ሚኤሶ አጠገብ የከባድ መኪና ሰልፍ መንገዱን ዘግቷል አሉኝ፤ እሷ ደህና ገባሁ እስክትለኝ ድረስ እህል በአፌ አልዞረም። ገብታም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ሌላ ጫት ገዝቼ ሼኹ ዘንድ ሄድኩ። "ሼኽዬ፣ ያ ዱአ ይነሳልኝ" አልኳቸው።

"የቱ ዱአ?"

"የልጄ። ትቅርልኝ ያልኩት።"

ከወንዶቹ አንዱ "የሞባይል ጥቅል መሰላት እንዴ! ገዝታ ልትመልሰው ነው" ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሼኹ ግን አልሳቁም።

"ልጄ፣ ዱአ ይነሳ ሲባል እኔ ሰምቼ አላውቅም። ከፈለግሽ ሌላ እንለምን። ምን እንበል?"

"ደህና ትሁን በሉልኝ።"

"እዚህ ሆና ነው ደህና የምትሆነው ወይስ እዚያ?"

እዚህ ብል ያው የበፊቱ ነው። እዚያ ብል በገዛ አፌ ሰጠኋት። ሼኹ ታገሡኝ፣ ወንዶቹም መሳቁን ተዉት፣ እኔ ግን ጫቱን እዚያው ትቼ ተነስቼ ወጣሁ።

ፈተናው ሲቃረብ ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። "ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን መድኃኒት ጀምሬያለሁ" አለች። የሽንኩርት ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

"መጣ!" አልኩ።

"ምኑ?"

"የኔ ዱአ ነዋ! እንድትቀሪ ብዬ።"

እያሳላት ሳቀች። "እማ፣ ታይፎይድ ነው። ግማሹ ዶርም ተኝቷል። የሁሉም እናት እንዲህ ብላ ለምና ነው?"

"የሌላውን አላውቅም። እኔ የማውቀው የኔን ነው።"

ሆዴ ውስጥ የከረመውን ያኔ ጠየቅኳት። "አንቺስ ለምን አሚን አልሽ? እየሰማሽ?"

"ሁላችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ እኔ ላጉድለው?" አለች። ቆይታ ደግሞ "አንቺ ለራስሽ ብለሽ አንድ ነገር ስትለምኚ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር። ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ። እንዴት ዝም ልበልሽ?" አለችኝ።

"ታዲያ ይድረስልኝ ብለሽ ነው?"

"እሱን እኔም አላውቀውም፣ እማ።"

ይህ ነው የተማረችው? ልጄ ስለ ራሷ ነገር እንኳ አላውቅም ትላለች፣ ድምፅዋ ግን አይሸበርም። እኔ አላውቅም ስል መሬቱ ነው የሚከዳኝ። አብሬያት ልማር አልችል፣ ሄጄ ላስታምማት ካምፓሱን አላውቀው፤ ስልኩን ይዤ "ውኃ አፍልተሽ ጠጪ" ነው የምላት።

ከሕመሟ ተነስታ ተፈተነች። ውጤቱ የመጣ ዕለት የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው እግር በእግር ይተላለፋል። ስልኬን ያነሳሁት ቲማቲም እየመዘንኩ ነው።

"አለፍኩ! በማዕረግ ነው፣ እማ። ለሁለተኛ ዲግሪውም ተቀብለውኛል።"

ጎረቤቴ ፊቴን አይታ "ምን ሆነች? ተናገሪ እንጂ!" አለችኝ። "አለፈች" ስላት እልልታዋን ለቀቀችው፣ ጫት ገዢዎቿ ሁሉ ዞሩ። እኔ ለመሳቅም ለማልቀስም አልሆነልኝም። የለመንኩት አልሆነም፤ ያልሆነው ልጄ ደህና ስለሆነች ነው። ለዚህ ሰው ምን ይላል?

"እማ፣ አለሽ?"

"አለሁ። መቼ ትመጫለሽ?"

"ለትንሽ ቀን መጥቼ እመለሳለሁ። ሁለት ዓመት ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "መርቂኝ" አለች።

ሂጂ ልበላት? ነይ ልበላት? ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ፈራሁት፤ ከወጣ በኋላ የት እንደሚያርፍ አላውቅማ። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ እየጠበቀችኝ ነው። ገዢዬ አንዱን ቲማቲም አንስታ "ይሄን ቀይሪልኝ፣ ተጨፍልቋል" ትለኛለች። በእጄ ቆዪኝ አልኳትና ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"ምን ብዬ ልመርቅሽ?" አልኳት።